በጥጥ ውስጥ ያለች ጠጠር

ልጄ ትህትና ወደ ትምህርት የተመለሰችው በውል ነው። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ኬሚስትሪ ሲጥላት ደብተሯን ዘጋችና ኮምቦልቻ ወርዳ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ስፌት ገባች። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔም እናቷ ገበያነሽም ለመንናት፤ አልሰማችንም። በሦስተኛው ዓመት አንድ እሁድ ምሳ ላይ፣ እንደ ልማዴ «እስኪ አስቢበት» ስላት እጇን ከመሶቡ አንስታ ትክ ብላ አየችኝ።

«እሺ። ግን አንተም ትገባለህ» አለች። «አንተስ ከስምንተኛ አቋርጠህ አይደል? ጎን ለጎን እንቀመጣለን። አንተ የወጣህ ቀን እኔም እወጣለሁ።»

የጎረስኩትን ሳልውጥ እሺ አልኩ። ገበያነሽ ሳቀች።

«አባትና ልጅ በአንድ ዴስክ! ወላጅ ይምጣ ሲሉኝ የየትኛችሁን ጥፋት ልሰማ ነው?»

እንዲህ ሆኖ በሃምሳ አንድ ዓመቴ ተማሪ ሆንኩ። ትምህርቱ ለሠራተኞች ተብሎ ኮምቦልቻ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰጥ ነው። እኛ የምንኖረው ደሴ ስለሆነ ጠዋት ጋቢ ለብሰን እንሳፈራለን፤ ሐረጎን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ጋቢው ይታጠፋል፤ ኮምቦልቻ ስንደርስ ሸክም ይሆናል። እሷ ወደ ስፌቷ፣ እኔ ወደ ጥጤ። እኔ የምሠራው ፈትል ፋብሪካ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ሁለታችንም ግማሽ ቀን ሠርተን ክፍል ውስጥ እንገናኛለን።

እኔ ከማንበብ ይልቅ መስማት ይቀናኛል። ያለችኝን እውቀት የለቀምኳት በጆሮዬ ነው፤ ከሬዲዮ፣ ከመኪና ውስጥ ጨዋታ፣ ከሁሉም በላይ ከየኔታ አግማስ። የኔታ ከኩታበር የመጡ የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ናቸው። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ጥግ ተቀምጠው ለደቀ መዛሙርታቸው መጽሐፍ ሲተረጉሙ፣ እኔ ከበስተኋላ ግንቡን ተደግፌ አዳምጣለሁ። ይኸው ዐሥራ ሁለት ዓመቴ። አንድ ኃይለ ቃል ይነበባል፤ የኔታ ትርጉሙን ይሰጣሉ፤ ቀጥለው «አንድም» ይሉና ሌላ ትርጉም ያመጣሉ፤ ደግሞ «አንድም»። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ከወንበሩ አያስነሳውም፤ እንደ ወንድማማቾች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የዓለም እውቀት ሁሉ እንዲህ የሚነገር ይመስለኝ ነበር። መዘዙም የመጣው ከዚህ ነው።

የኬሚስትሪ መምህራችን እየሩስ ትባላለች። ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። አስተማሪዬ ስለሆነች እኔ አንቱ እላታለሁ፤ በዕድሜ ስለምበልጣት እሷም አንቱ ትለኛለች፤ ስንነጋገር የሰማ ሁለት ሽማግሌዎች ድንበር የሚያካልሉ ይመስለዋል። ስለ አቶም ሦስት ቅዳሜ አስተማረችን። በመጀመሪያ የጥንት ግሪኮች ነበሩ፤ አንድን ነገር ብትቆርጠው ብትቆርጠው መጨረሻ ላይ ከማይቆረጥ ነገር ትደርሳለህ ብለው በሐሳብ ብቻ ተናገሩ። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ዳልተን የሚባል እንግሊዛዊ ጋዝ ሲመዝን ኖሮ፣ አቶም የማይከፈል ደንዳና ኳስ ነው አለ። ከዚያ ቶምሰን የሚሉት መጣ። አየሩ ተመጥጦ በወጣ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ቢሰድበት፣ ከአቶም እጅግ የምታንስ ነገር አገኘ፤ እሷም ኤሌክትሮን ናት። ስለዚህ አቶም ማለት ዘቢብ የተሰገሰገበት ኬክ ነው፤ ዘቢቡ ኤሌክትሮን ነው አለ።

ኬክ ሲባል ጣሀ እጁን አወጣ። ጣሀ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ጥጥ አብረን እናራግፋለን፤ ክፍል ውስጥ ከኋላዬ ይቀመጣል።

«ቲቸር፣ እኛ ሰፈር ኬክ የለም።»

«እሺ ጥቁር አዝሙድ የገባበት ድፎ ዳቦ በለው» አለችው። ሁላችንም ገባን።

ከቶምሰን ቀጥሎ ራዘርፎርድ፤ ጥቃቅን ነገሮችን በስሱ በተቀጠቀጠ ወርቅ ላይ እየወረወረ ቢያስተውል፣ አቶም መሐሉ ላይ ጠጣር ፍሬ ያለው፣ የቀረው ግን ባዶ ነው አለ። ከዚያ ቦር፤ ኤሌክትሮኖቹ እንደ ደረጃ ባሉ ቦታዎች ላይ ናቸው፤ ወይ እዚህ ደረጃ ወይ እዚያ ደረጃ እንጂ መሐል ላይ አይቆሙም አለ። በመጨረሻም ከእሱ በኋላ የመጡት፣ ኤሌክትሮን እዚህ ጋ ናት ተብሎ ጣት አይቀሰርባትም፤ ልትገኝ የምትችልበትን ብቻ ነው ማወቅ የሚቻለው፤ እንደ ጉም ናት አሉ። ለደሴ ሰው ጉም ማስረዳት አያስፈልግም።

አራተኛው ቅዳሜ ፈተና መጣ። «ስለ አቶም የነበረው ሐሳብ እንዴት እየተለወጠ እንደመጣ አስረዱ» ይላል። ደስ አለኝ። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አቶም ማለት የማይከፈል ደንዳና ኳስ ነው። አንድም፣ አዝሙድ የገባበት ዳቦ ነው። አንድም፣ መሐሉ ጠጣር ዙሪያው ባዶ ነው። አንድም፣ ደረጃ ያለው ቤት ነው። አንድም፣ ጉም ነው።» ከሥሩ መስመር አሰመርኩና ከሁሉ ቀድሜ አስረከብኩ።

ሲመለስ ከዐሥር ሦስት ነው። በቀይ እስክሪብቶ «ታዲያ የትኛው ነው?» የሚል ተጽፎበታል።

ጣሀ ወረቀቴን በትከሻዬ ላይ አሻግሮ አነበበ። «አቦ ይስማው! አንተ እኮ ሰው ማስቀየም አትችልም። አምስቱንም ሳይንቲስት አስታርቀህ ሸኘሃቸው! ወላሂ፣ ፈተናው ሽምግልና ቢሆን ዐሥር ከዐሥር ነበርክ።»

ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ትህትና ግን አልሳቀችም። እሷ ስድስት አግኝታለች። ሌሎቹ ሲወጡ እየሩስ እኛን አስቀረችን።

«ጋሽ ይስማው፣ ከአምስት በታች ያመጣ ወደ ታችኛው ክፍል ይመለሳል። ደንቡ ነው፤ እኔ ያወጣሁት አይደለም» አለች። «ግን በቃል አንድ ዕድል ልሰጥዎ እችላለሁ። የሚመጣው ቅዳሜ ሰሌዳው ፊት ቆመው፣ አንዱ ሐሳብ ለምን ተተወ፣ ሌላውስ ለምን ተያዘ፣ ለክፍሉ ያስረዱ። ካስረዱ ይቀጥላሉ።»

«ካላስረዳሁስ?»

«ያው ታች ነው።»

ወደ ደሴ ስንመለስ ትህትና መስኮት መስኮቱን ታይ ነበር።

«ቃል ቃል ነው፣ አባዬ» አለችኝ።

«ገና ሳልወድቅ?»

«እኔ መጀመሪያም የጠላሁት ለዚህ ነው። ምዕራፉ በሙሉ የተሳሳቱ ሰዎች ዝርዝር ነው። አቶም ኳስ ነው ብለህ ታጠናለህ፤ ገጹን ስትገልጥ ሰውዬው ተሳስቶ ነበር ይሉሃል። ዳቦ ነው ትላለህ፤ እሱም ተሳስቶ ነበር። ዛሬ የማጠናውን ነገ ውሸት ነበር ካሉኝ ለምን እደክማለሁ? ስፌት ይሻለኛል። እጅጌ ነገም እጅጌ ነው።»

ሐረጎ ላይ እስክንደርስ ሰማኋት። ጉሙ ሲቀበለን ጋቢዬን ፈትቼ ግማሹን እሷ ላይ ጣልኩ። አላወለቀችውም፤ እሱም አንድ ነገር ነው አልኩ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ የኔታ ዘንድ ቀረብኩ። በዐሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ከግንቡ ተላቅቄ ፊት ለፊታቸው ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው።

«የኔታ፣ አንድም ብዬ ወደቅሁ።»

ወረቀቱን አንብብልኝ አሉ፤ አነበብኩላቸው። የየኔታን ሳቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ጥምጥማቸው ወደ ጎን እስኪያዘነብል ሳቁ።

«አንድም ማለትህስ ባልከፋ፤ ምስክሩን የት ጣልከው?» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «እኔ አንድም ስል ዝም ብዬ ነው? እገሌ እንዲህ እንዲል እያልኩ ምስክር አልጠራም? ዐሥራ ሁለት ዓመት ስትሰማ እሱን አልሰማህም?»

«ምስክሩ በግዕዝ ነው፣ የኔታ። እዚያ ላይ ስደርስ ትንሽ ያንቀላፋኛል።»

«ይኸው፤ ለፈተና የሚመጣው ደግሞ የተኛህበት ነው። ስማኝ ልጄ። እኛ የምንተረጉመው ቃሉን ነው፤ ቃሉ ሰፊ ስለሆነ ብዙ ትርጉም ይይዛል። ያንተ አቶም ግን ፍጥረት ነው። ፍጥረትን ሄደህ ትጠይቀዋለህ፤ አንደበት ባይኖረውም ይመልስልሃል። እነዚህ ሰዎች ምስክራቸው ምንድን ነው?»

«ሙከራ ነው መሰለኝ።»

«እንግዲያው እያንዳንዳቸውን ምስክርህን አምጣ በላቸው። ምስክር የመጣለትና ያልመጣለት እኩል ወንበር ላይ አይቀመጡም።»

ይህን ይዤ ሰኞን ዋልኩ። ሐሳቡ ገብቶኛል፤ ግን ሰሌዳ ፊት ቆሜ በምን እንደማሳየው አላወቅሁም። ማክሰኞ ነው የተገለጠልኝ፤ በሥራ ላይ።

ጥጥ ሲመጣልን እንዲሁ ወደ ማሽን አይገባም። አንዳንዱ የጥጥ እስር ውስጥ ድንጋይ አይጠፋም፤ ለሚዛን ብሎ የሚከት አለ፤ ሳያውቅ ከማሳው አብሮ የሚያፍስም አለ። ድንጋይ ማሽን ውስጥ ከገባ ጥርሱን ይሰብራል፤ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ስለዚህ የእስሩ ሽቦ ተቆርጦ ጥጡ ሲላላ፣ እኔ ረጅም ቀጭን ፌሮ ይዤ እወጋዋለሁ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራዬ ይኸው ነው። ፌሮው ሰርጎ በወዲያኛው በኩል ይወጣል፤ ይወጣል፤ ይወጣል። ሃምሳ ጊዜ ሲወጣ እጅ ይደነዝዛል። አንድ ጊዜ ግን ቀጥ ይላል።

ማክሰኞ ዕለት ቀጥ አለ። ትንሽ ሳብ አድርጌ በግራ ወጋሁ፤ አለፈ። በቀኝ ወጋሁ፤ አለፈ። መሐሉን ደገምኩ፤ ቀጥ። ጥጡ አልተከፈተም፤ ዓይኔ ያየው ነገር የለም። ሆኖም ድንጋይ እንዳለ፣ የት እንዳለ፣ ስንት ጣት እንደሚያክል አውቄያለሁ። ፌሮውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

«ሰውዬው ወርቁን የወጋው እንዲህ ነው!» አልኩ።

«የትኛው ሰውዬ?» አለ ጣሀ።

«ራዘርፎርድ! አቶም ዳቦ ቢሆን ኖሮ የወረወረው ሁሉ ሰርጎ ያልፍ ነበር። አብዛኛው አለፈ፤ ከስንት ሺህ አንዱ ግን ወደ ኋላ ነጠረ። መሐል ላይ ጠጣር ነገር አለ ማለት ነው። ሳያየው አወቀው!»

ጣሀ ፌሮውን አየ፤ ጥጡን አየ። «ሱብሃነላህ» አለ። «ለካ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳይንቲስት ነበርክ፤ ለአለቃችን አልነገርነውም!»

አለቃዬን አስፈቅጄ፣ አንድ ማዳበሪያ ከረጢት የሚያክል ንጹሕ ጥጥ በስስ ጨርቅ ቋጠርኩ። ለመውጊያ ከአሮጌ ጃንጥላ ረጅም ሽቦ ነቀልኩ። የቀረው ጠጠሩ ነበር። መጀመሪያ ቡጢ የሚያክል ድንጋይ አነሳሁ፤ አንድ ሁለቴ ሲወጉት የሚገኝ። ቀጥሎ ግን እየሩስ ያለችው ትዝ አለኝ፦ አቶም የኳስ ሜዳ ቢያክል፣ መሐሉ ላይ ያለው ፍሬ፣ ኒውክለስ የሚሉት፣ አተር እንኳን አያክልም። ይህን እያወቅሁ ቡጢ የሚያክል ብከትት የሐሰት ምስክር ማቆም ሆነብኝ። ድንጋዩን ጥዬ ሽምብራ የምታክል ጠጠር አነሳሁ፤ አማትቤ ከጥጡ መሐል ከተትኳት። ሞኝነቴን ያወቅሁት ቅዳሜ ነው።

ቅዳሜ ሠላሳ ተማሪ ፊት ቆምኩ። ዳልተንን አስረዳሁ፤ ቱቦውን አስረዳሁ፤ ኳሱ የተተወው ከውስጡ ኤሌክትሮን ስለወጣችና ምስክር ስለሆነች ነው አልኩ። እየሩስ ራሷን ነቀነቀች። ወደ ዳቦው ደረስኩ። ቋጠሮውን ጠረጴዛ ላይ አውጥቼ፣ «እነሆ አቶም። ዳቦ ከሆነ ሽቦው ሁልጊዜ ያልፋል። መሐሉ ፍሬ ካለ አንድ ጊዜ ይቆማል። ቁጠሩልኝ» አልኩ።

ወጋሁ፤ አለፈ። «አንድ!» አሉ። ወጋሁ፤ አለፈ። «ሁለት!» ሃያ ደረስን። ሠላሳ ደረስን። ቆጠራው ዘፈን መሰለ፤ አንዱ ዴስኩን እንደ ከበሮ ይመታ ጀመር። አርባ አምስት ላይ ላቤ መጣ።

«ይስማው፣ ሌባ ቀድሞሃል!» አለ ጣሀ። «ጠጠርህ ቢስቲማ ገበያ ላይ ትሸጣለች!»

ሃምሳ። ሃምሳ አምስት። እየሩስ ሰዓቷን አየች።

«ጋሽ ይስማው፣ ጠጠር መኖሩን እርግጠኛ ነዎት?»

«አዎን ቲቸር። በገዛ እጄ ነው የከተትኳት።»

«እኛ ግን አላየንም» አለ አንድ ድምፅ። ትህትና ናት። «እሱ ከተትኩ ስላለ ብቻ አለች አይባልም። እኛ ያየነው ሃምሳ አምስት ጊዜ ማለፉን ነው። እስካሁን ባየነው ዳቦ ነው።»

ሌላ አባት ቢሆን ልጄ በሰው ፊት ተከራከረችኝ ብሎ ይቀየም ይሆናል። እኔ ግን ልቤ ዘለለች። ያቺ ነገ ውሸት ለሚሆን ነገር አልደክምም ያለችው ልጅ፣ ለዳቦው ጠበቃ ቆማለች።

«ልክ ነሽ» አልኳት። «ምስክር አልመጣም። እስኪመጣ ዳቦ ነው።» ደግሜ ወጋሁ። «ሃምሳ ስድስት!» አሉ።

ስልሳ ስድስት ላይ ትህትና ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«አባዬ፣ አንድ ቦታ ላይ እኮ ነው የምትመላለሰው! የወጋኸውን መልሰህ ትወጋለህ። አምጣው እስኪ።» ሽቦውን ከእጄ ወሰደች። ቋጠሮውን በመዳፏ ደልድላ ከግራ ጥግ ጀመረች። በጣት ስፋት እየለካች፣ በረድፍ በረድፍ፣ ልክ ማሽን ላይ እንደምትሰፋው። አንዱን ረድፍ ጨርሳ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው ዞረች። ቆጠራው እየቀዘቀዘ መጣ፤ ሁሉም አንገቱን አስግጓል፤ እየሩስም ጠመኔዋን እንደያዘች ተጠጋች።

መቶ ሦስት ላይ ሽቦው ቀጥ አለ።

ትህትና አልጮኸችም። ሳብ አድርጋ በግራ ወጋች፤ አለፈ። በቀኝ ወጋች፤ አለፈ። ያስተማራት የለም፤ እጇ ራሱ ነው ያወቀው። መሐሉን ደገመች፤ ቀጥ። ቀና ስትል ፊቷ ልጅ ሆና የመጀመሪያ ጥርሷ የወለቀ ጊዜ የነበረውን ይመስል ነበር።

«እዚህ ናት። ትንሽ ናት፤ ጠንካራ ናት።»

«አላየሻትም እኮ!» አለ ጣሀ።

«አላየኋትም። ግን ዳቦ አይደለም!»

ክፍሉ በእልልታና በጭብጨባ ተናጋ። ከጎረቤት ክፍል አስተማሪ ብቅ ብሎ ሰርግ ነው ወይ አለ።

ሁሉም ሲረጋጋ የቀረኝን ጨረስኩ። ራዘርፎርድም ቢሆን ጥያቄ ተረፈበት፤ ኤሌክትሮን ፍሬውን የምትዞር ከሆነ ጉልበቷን ጨርሳ ለምን አትወድቅበትም? ቦር ደረጃዎቹን ያመጣው ለዚህ ነው፤ ምስክሩም የሃይድሮጅን ብርሃን ነው፤ ሲበተን እንደ ጥለት ለየብቻው በተሰመሩ ቀለማት ይታያል። ለሃይድሮጅን የሠራው ግን ለትልልቆቹ አቶሞች አልሠራ አለ፤ ጉሙ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

«ጉሙስ?» አለች እየሩስ። «ጉሙም አንድ ቀን ይተዋል?»

«እስካሁን የመጣው ምስክር ሁሉ ለእሱ ነው፣ ቲቸር። ሌላ ምስክር ከመጣ ደግሞ ያኔ እናያለን። ግን የቀደሙት ዋሾዎች አልነበሩም። ዳልተን ቱቦው አልነበረውም፤ ቶምሰንም ወርቁን አልወጋም። እያንዳንዱ እጁ ላይ ባለው ምስክር ልክ ተናገረ። ልጄም ሃምሳ አምስት ላይ ሆና ዳቦ ነው ስትል ልክ ነበረች፤ መቶ ሦስት ላይ አይደለም ስትልም ልክ ናት። አልዋሸችም፤ ወጋች።»

እየሩስ ወረቀቴ ላይ ሦስቱን ሰርዛ ስምንት ጻፈች።

«ሁለቱስ?» አለ ጣሀ ስለ እኔ ተቆርቁሮ።

«ሁለቱ ስለ ሰዓቱ ነው። ፌርማታ ላይ ቆሞ የሚጠብቀኝ ሰው አለ።»

ደብተሬን እየሰበሰብኩ ሳለ ትህትና መምህሯ ፊት ሄዳ ቆመች።

«ቲቸር፣ እኔ ስድስት ነው ያለኝ። አባቴ ከጎኔ ተቀምጦ ሊበልጠኝ አይችልም። የሚመጣው ቅዳሜ እኔም በቃል ልፈተን።»

«የሚመጣው ቅዳሜ ትመጫለሽ ማለት ነው?»

ትህትና እኔን አየችኝ። «ቃል ቃል ነው» አለች።

አውቶቡሱ ውስጥ ቋጠሮውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አንድ እጇን በላዩ ዘረጋች። ሐረጎ ላይ ጉሙ ተቀበለን፤ ጋቢውን ፈታሁና ለሁለት ለበስነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አባዬ፣ ቆይ፤ ጠጠሯ ራሷስ? እሷ ውስጥ ምን አለ?»

«እኔ እንጃ» አልኳት። «ቀጣዩን ገጽ ግለጪ።»

አብሮን የተሳፈረው ጣሀ ከኋላ ወንበር ላይ ጭንቅላቱን ያዘ። «ያ ረቢ! አሁን ደግሞ ጠጠር ሊያስወጉን ነው!»

እሷ ግን መጽሐፉን አውጥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታለች። ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች፤ እኔም መስኮቱን ተደግፌ አዳመጥኩ። አላንቀላፋሁም።